ሲለቁት የማይቆም መጋዝ

ሰፈሩ በሙሉ ባለጆሮው ይለዋል። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውሱት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው።

ቅጽል ስሙ እንዲሁ አልወጣለትም። የሣር ማጨጃ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ጄኔሬተር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሞተር መጋዝ መጠገን ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን መለኪያ ነገር ይዞ አያውቅም። ሞተሩን ያስነሳል፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ ካቻቢቴውን በካርቡሬተሩ ብሎን ላይ አሳርፎ የፀጉር ያህል ያዞራል፣ አለቀ። «ይሄ ነዳጅ ጠግቦ እያገሳ ነው» ወይም «ይሄ አየር በዝቶበት እየጮኸ ነው» ካለ፣ ነው። እንዲያውም አንድ ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ግቢ ውስጥ የሚሠራ መጋዝ ሰምቶ፣ የያዘውን ጥሎ እየሮጠ ሄዶ ከማያውቀው ሰው እጅ ቀምቶ አጠፋው። አምስት ደቂቃ ቢቆይ ፒስቶኑ ነክሶ ሞተሩ ይሞት ነበር አለ። ሲከፍቱት እንዳለው ሆኖ ተገኘ።

ይህ ሰው ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ የደበቀው ነገር ነበረው። ጆሮው እየከዳው ነበር።

መጀመሪያ የሄደው የወፍ ድምፅ ነው። ቀጥሎ የስልክ ጥሪ፣ ቀጥሎ የማንቆርቆሪያው ፉጨት፣ ከዚያ የልጆች ወሬ። ወፍራሙን ድምፅ፣ የከባድ መኪናውን ጉርምርምታና የበሩን ድብደባ፣ ደህና አድርጎ ይሰማል። የጠፋበት ቀጭኑ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ መኖር ይችል ነበር። የሞተር መጋዝ ግን ጤነኛ ሲሆን በወፍራሙ ያንጎራጉራል እንጂ ሲታመም የሚጮኸው በቀጭኑ ነው።

ለማንም አልተናገረም። ሰው ሲያናግረው ከንፈር ከንፈሩን ያያል፤ ያልገባውን «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሰምቶ እንዳልሰማ የሚሆን ሰው ሞልቷል፤ እሱ ግን ሳይሰማ እንደሰማ መሆንን ተካነበት። ደንበኛ ፊት አንገቱን እንደ ድሮው ያዘነብላል፤ የሚያዳምጠው ግን በመዳፉ ነበር፣ እጀታው ላይ በሚደርሰው ንዝረት። አብዛኛውን ጊዜ ይሳካለታል። ሲጠራጠር ደግሞ ነዳጅ ያበዛል፤ ነዳጅ የበዛበት ሞተር ያጨሳል እንጂ አይሞትም። ደንበኞቹ ስለ ጭሱ ማጉረምረም ጀምረዋል። እሱም በየማለዳው የሱቁን በር ሲከፍት ራሱን ይጠይቃል። ዛሬ ይሆን የሚታወቅብኝ? ዛሬ ይሆን ሰው የማስጎዳው?

አንድ ቀን ጠዋት የመጣው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነበር። ሥራው ዛፍ መቁረጥ ነው፤ ከሥር ሳይሆን ላይ ወጥቶ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ከጫፍ ጀምሮ እየመለመለ የሚያወርድ። ስለዚህ ጦጣው ይሉታል፤ እሱም አይከፋውም። የጦጣው ሚስት መንታ ከወለደች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ ዓይኖቹ እንቅልፍ እንዳጡ ያስታውቃሉ።

መጋዙን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ችግሩን በጥድፊያ ነገረው። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ዛፍ በመማሪያ ክፍሎቹ ጣሪያ ላይ አጋድሏል፤ ተማሪዎቹ ከአጭር እረፍታቸው ሳይመለሱ፣ በሦስት ቀን ውስጥ መውረድ አለበት። መጋዙ ደግሞ ነዳጅ መስጫውን ሲለቀው ይጠፋበታል። ዛፍ ላይ ሆኖ በየጊዜው እየሳበ ማስነሳት ትከሻውን ጨረሰው።

ባለጆሮው ሥራውን ያውቃል። የአየር ማጣሪያውን አራገፈ፣ ካንዴላውን ፈትቶ አየ፣ የቆየውን ነዳጅ ደፍቶ አዲስ ሞላ፣ ካርቡሬተሩን አውጥቶ ቀዳዳዎቹን በአየር ነፋ፣ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ሦስቱን ብሎኖች ወደ መነሻቸው መለሳቸው። አንዷ ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲሠራ የሚጠጣውን ነዳጅ ትመጥናለች፤ ሁለተኛዋ ሙሉ ጉልበት ሲያወጣ የሚጠጣውን። ሦስተኛዋ ሚኒሞ የሚሏት ናት፤ እጅ ሲለቀው ሞተሩ በምን ፍጥነት እንደሚያርፍ የምትወስነው እሷ ነች። ሚኒሞ ዝቅ ካለ ሞተሩ ይጠፋል። ከፍ ካለ ደግሞ ማንም ሳይነካው ሰንሰለቱ መዞር ይጀምራል፤ የሞተር መጋዝ ከዚህ የከፋ አመል የለውም።

አስነሳው። ለቀቀው። ጠፋ። እንደገና አስነሳው። ጠፋ።

ድሮ ቢሆን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ለምን እንደሚጠፋ ያዳምጥ ነበር። ሞተር ከመጥፋቱ በፊት የሚያሰማት አንዲት ትንፋሽ አለች፤ እሷ ሁሉን ትናገራለች። አሁን መዳፉን እጀታው ላይ አድርጎ ጠበቀ። መዳፉ ምንም አልነገረውም። ጦጣው ከጎኑ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፣ የሆነ ነገር ይላል፤ ባለጆሮው «ልክ ነው» ይላል። ላብ በጀርባው ወረደ። በመጨረሻ ካቻቢቴውን ሚኒሞዋ ላይ አድርጎ አጠበቃት፤ ግማሽ ዙር፣ ከዚያም ትንሽ ጨመረላት። ሞተሩ ሳይጠፋ ቀረ። ሰንሰለቱን አየ፤ አይዞርም። አንዴ ነዳጅ ሰጥቶ ለቀቀው፤ አሁንም አልጠፋም።

በሽታውን ሳያገኝ ትኩሳቱን ብቻ ማብረዱን ልቡ ያውቀዋል። ያም ሆኖ «ይኸው፣ ውሰድ» አለ። ጦጣው ትከሻውን መታ መታ አድርጎት መጋዙን አንጠልጥሎ ወጣ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የእሷ ክፍልና የሱ ሱቅ በአንድ በር ይገናኛሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ አልፎ፣ የወሰደባትን መቀስ ፍለጋ መጣች። እንደ ልማዷ መጀመሪያ ክንዱን ነካ አደረገችው፣ ፊቱን ወደሷ ሲያዞር ነው የተናገረችው።

«የወንድሜ መጋዝ ምን ነበር የሆነው? ከለቀቅከው በኋላ እኮ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ያቃስት ነበር። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደ ፉጨት ያለ ነገር አመጣ።»

«ፉጨት?» አላት።

«ቀጭን ፉጨት። ሆን ብለህ መስሎኝ።»

በእጁ የያዘው ጨርቅ መሬት ወደቀ። የሞተር መጋዝ እንዲያ የሚያቃስተውና የሚያፏጨው በማይገባበት በኩል አየር ሲገባበት ነው። በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል አጭር የጎማ አንገት አለ፤ የተሰነጠቀው እሱ መሆን አለበት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ስንጥቁ ገጥሞ ይቆያል። ሲግል ጎማው ይለሰልሳል፣ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ነዳጁ በአየር ይቀጥናል፣ ሞተሩም በራሱ ፍጥነት ይጨምራል። ያኔ እጅ ቢለቀውም አይወርድም። በዚህ ላይ እሱ ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ ሚኒሞውን ከፍ አድርጎለታል። ሱቁ ውስጥ ያልዞረው ሰንሰለት፣ መጋዙ ሃያ ደቂቃ ከሠራ በኋላ ይዞራል።

ጦጣው ደግሞ ዛፍ ላይ ሆኖ ቅርንጫፍ በጨረሰ ቁጥር መጋዙን አያጠፋም። እየሠራ እንዳለ ከቀበቶው ጎን ያንጠለጥለውና ወደሚቀጥለው ቅርንጫፍ ይሻገራል። ታፋው፣ ሕይወቱን የያዘው ገመድ፣ የሚዞር ሰንሰለት፣ ሦስቱም በአንድ ስንዝር ውስጥ።

ባለጆሮው ስልኩን አውጥቶ ደወለ፣ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ዝም። ይጥራ ወይም ተዘግቶ ይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሁለት ዓመት ያቀፈው ምስጢር በዚያች ቅጽበት ኢምንት ሆኖ ታየው። ስልኩን ለሚስቱ ዘረጋላት።

«ይጠራል ወይ? እኔ አይሰማኝም» አላት።

አንዴ ፊቱን አየችውና ስልኩን ተቀበለች። «ይጠራል። አያነሳም።» ከዚያ ከንፈሯ ደህና አድርጎ እንዲታየው ቀና ብላ፣ «ሂድ፤ እኔ እየደጋገምኩ እደውላለሁ» አለችው። የወንድሟ ነገር እንደሆነ ገብቷታል። አንድም ነገር ግን አልጠየቀችውም።

ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ወጣ። መንገድ ላይ ሆኖ ሰዓቱን ማስላት አልተወውም። ከሄደ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኖታል። ለመድረስ ሩብ ሰዓት፤ ገመድ ለመዘርጋትና ለመውጣት ግማሽ ሰዓት። እንግዲህ መጋዙ ግማሽ ሰዓት ሠርቷል ማለት ነው፤ ግሏል ማለት ነው። ምናልባት ገመዱ ዘግይቶ ይሆናል። ምናልባት ምሳ ልብላ ብሎ ወርዶ ይሆናል። እንዲህ እያለ ራሱን ሲያባብል፣ መታጠፊያው ላይ አንድ የጭነት መኪና ጎማ በጉልበቱ አጠገብ ሽው ብሎ አለፈ። ንፋሱ ሊጥለው ነበር። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ እጁን እያወናጨፈ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የሞተር ሳይክሉ ጉርምርምታ የመኪናውን ውጦበታል፤ ሾፌሩ ጡሩምባ ሲነፋ የቆየ መሆን አለበት። ባለጆሮው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እኔም እኮ ዛሬ ልሞት እችላለሁ ብሎ አሰበ። ከዚህ ሐሳብ ያወጣው ሌላ የባሰ ሐሳብ ነው፤ የመንታዎቹን አባት ነው እኮ የገደልኩት፣ ሚስቴን በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ?

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በር ላይ አስቆመው። ረጅም ነገር ጠየቀው፤ ጢሙ ከንፈሩን ስለሸፈነበት ባለጆሮው አንዲትም ቃል መያዝ አልቻለም። «ላይ ያለው ሰው ሊሞት ነው» አለውና ሞተር ሳይክሉን እዚያው ጥሎለት ገባ።

ግቢው ባዶ ነበር። የተደራረቡ ወንበሮች፣ ቀለሙ የተላጠ የመረብ ኳስ ምሰሶ፣ በረንዳው ላይ የተረሳ አንድ የልጅ ሹራብ። ከክፍሎቹ ጀርባ ዛፉ ጣሪያው ላይ እንደ ሰካራም ተደግፏል። ከሥሩ ቀይ ገመድ በዙሪያው ተወጥሯል፤ ገመድ ያዡ፣ የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ቀስ አድርጎ የሚያወርደው ወፍራም ዝምተኛ ሰው፣ ፊቱን ወደ ላይ አቅንቶ ቆሟል። ጦጣው ሦስት ፎቅ ያህል ከፍታ ላይ ነበር። ወገቡ ላይ የታሰረው ረጅም ገመድ ከበላዩ ባለ ቅርንጫፍ ዞሮ ይወርዳል፤ አጭሩ የቆዳ ጠፍር ደግሞ ግንዱን አቅፎ ይይዘዋል።

ባለጆሮው ያየው መጋዙን ነው። የቆመ ሰንሰለት ጥርሱ ይታያል፤ የሚዞር ሰንሰለት ግን አንድ ወጥ የብር መስመር ነው። ጦጣው አንዱን ቅርንጫፍ ጨርሶ ጣቱን ለቋል፤ መጋዙ በእጁ ተንጠልጥሏል። መስመሩ አሁንም ብር ነው።

«አጥፋው!» ብሎ ጮኸ። 

ጦጣው የሥራ ጆሮ መሸፈኛ አድርጓል። ገመድ ያዡም እንደዚሁ። ዛፉ አጠገብ የነበሩት ሦስት ሰዎች አንዳቸውም አይሰሙም ነበር። ባለጆሮው ቀዩን ገመድ ተሻግሮ ወደ ዛፉ ሥር ሮጠ፤ ቢያንስ ዓይኑ ውስጥ ልግባ ብሎ። ጦጣው ግን ፊቱን አዙሮ አንድ ክንድ የሚያህል ጉማጅ ቆርጦ ጣለ። ገመድ ያዡ እየጮኸ ይሁን አይሁን ባለጆሮው አያውቅም፤ የሚያውቀው አንድ ትልቅ እጅ ቀበቶውን ጨምድዶ ወደ ኋላ እንደጎተተው ነው። ጉማጁ እሱ የነበረበት ቦታ ላይ አረፈ። ድምፁን ከጆሮው በፊት በእግሩ ሰማው። በጫማው ሶል መጣ፣ በጥርሱ ወጣ።

በዚህ ጊዜ ጦጣው ወደ ታች አየ። የእህቱ ባል ከቀዩ ገመድ ውስጥ ምን ይሠራል? ፊቱ ላይ ንዴትም ግራ መጋባትም ነበር። አንዱን የጆሮ መሸፈኛ ለማንሳት ግራ እጁን አነሳ። ቀኝ እጁ ደግሞ የለመደውን አደረገ፤ መጋዙን ወደ ታፋው ዝቅ አደረገው።

ባለጆሮው ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ፣ ፈታ፣ እንደገና አጣመረ። ድምፁ እስኪሰነጠቅ ጮኸ። የብሩ መስመር ረጅሙን ገመድ ነካው።

ገመዱ በአንድ ጊዜ አልተበጠሰም። እንደተፈታ የፀጉር ጉንጉን ተበተነ። ጦጣው አንድ ክንድ ያህል ወደ ታች ተንሸራተተ፣ ጠፍሩ ግንዱ ላይ ነከሰ፣ ጉንጩ ከቅርፊቱ ጋር ተላተመ። መጋዙ ከእጁ አመለጠ። የታሰረበት አጭር ማንጠልጠያ ያዘውና ከእግሩ ሥር ይወዛወዝ ጀመር፤ እየሠራ፣ ሰንሰለቱ እየዞረ፣ በማንጠልጠያው ላይ እየተሽከረከረ። በየዙሩ የመጋዙ ምላስ፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት፣ ቅልጥሙን ሊልሰው ይደርስና ያልፋል።

ባለጆሮው መሬት ላይ ተቀመጠ። ዓይኑን መጨፈን ፈለገ፣ አልቻለም። ጆሮው ስለማይነግረው ዓይኑን ቢጨፍን ምንም ማወቅ አይችልም። ጦጣው በአንድ እጁ ግንዱን አቅፎ በሌላው ማንጠልጠያውን ስንዝር በስንዝር መሳብ ጀመረ። አንዴ እጀታውን ሳተው። ሁለተኛ ሳተው፤ ሰንሰለቱ የጫማውን አፍንጫ ነክቶ የቆዳ ብናኝ ረጨ። በሦስተኛው የኋላውን እጀታ ጨበጠ፣ አውራ ጣቱም ማጥፊያውን አገኘ።

የብሩ መስመር ተሰባበረና ጥርሶቹ ታዩ።

ከዚያ በኋላ ጦጣው ለመውረድ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ገመድ ያዡ ከታች እየለቀቀለት፣ ከተበላው በላይ ያለውን ደህናውን ገመድ ስቦ እንደገና ወገቡ ላይ አሰረው፤ ሁለት ጊዜ ፈትቶ አሰረ። ባለጆሮው ያን ሁሉ ጊዜ አልተነሳም። ጦጣው እግሩ መሬት ሲነካ ሱሪው ታፋው ላይ ተተርትሮ ነበር፤ ከሥሩ ቀጭን ቁርጥ፣ ብዙ የማይጠልቅ፣ ደሙ እስከ ካልሲው የወረደ። ገመድ ያዡ በሻሽ አሰረለት። ከዚያ ጦጣው አቀርቅሮ የሆነ ነገር ተናገረ።

ባለጆሮው «ልክ ነው» ለማለት አፉን ከፈተ። አልወጣለትም።

«ቀና ብለህ ንገረኝ። አይሰማኝም» አለው።

ጦጣው ቀና አለ። ባለጆሮው ቀጠለ። «ቀጭን ድምፅ ካልሰማሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ጠዋት ይሄ መጋዝ ሲያፏጭ አልሰማሁትም። ያላወቅኩትን እንዳወቅኩ ሆኜ ሚኒሞውን ከፍ አድርጌ ሰጠሁህ።»

የጦጣው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ቃሉ ግልጽ ነበር።

«መንታ ልጆች አሉኝ፣ ጋሼ።»

ባለጆሮውን ቢሰድበው፣ ቢመታውም ይቀለው ነበር። የሚያደርገውን ሲያጣ መጋዙን ወደ ራሱ ሳበና እዚያው መሬት ላይ ፈታው። የጎማውን አንገት አወጣ፣ በሁለት ጣቱ አጠፈው። ሲያዩት ደህና የሚመስለው ጎማ እንደ ከንፈር ተከፈተ። ለሁለቱም አሳያቸው።

ማታ ሚስቱ ወንድሟን አይታ ተመለሰችና አጠገቡ ተቀመጠች። የሱን አለመስማት ካወቀች ዓመት እንዳለፋት ነገረችው። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ክንዱን ነክታ የምታናግረው። ለምን አልነገርሽኝም ብሎ ሲጠይቃት፣ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለች፤ ልትስቅ ፈልጋ አልሆነላትም። ቀጥላም የራሷን አወጣች። ፉጨቱን የሰማችው ጠዋት፣ ወንድሟ ገና ሱቁ ውስጥ ሳለ ነበር። ያኔውኑ ልትመጣ ተነስታ ነበር፤ በወንድሜ ፊት ላሳፍረው ነው ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። መቀሱን ፍለጋ የመጣችው መቀሱን ፈልጋ አልነበረም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል» አላት።

«ደባቂዎቹ ሁለት ነበርን» አለችው።

ጦጣው በማግስቱ መጣ፤ እያነከሰ፣ አዲስ ገመድ ትከሻው ላይ ጥቅልል አድርጎ። የተቆረጠው ዛፍ ግማሹ ጣሪያው ላይ ነው፤ የቀረው ሁለት ቀን ነው። ባለጆሮው መጋዙን ሌላ ጠጋኝ ጋ እንዲወስደው ለመነው። አድራሻ እንኳ ጽፎ አዘጋጅቶለት ነበር። ጦጣው ወረቀቱን አየና ጠረጴዛው ላይ መለሰው።

«እሱ ሰውዬ አልፈራም» አለ። «አንተ ፈርተሃል። እኔ የምፈልገው የፈራ ሰው ነው።»

ባለጆሮው አዲስ ጎማ ገጠመ። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ ፈትሾ አንድም አረፋ አለመንቀሳቀሱን አየ። የነዳጅ ቱቦውንም ለጥንቃቄ ብሎ ቀየረው። ብሎኖቹን ወደ መነሻቸው መለሰ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ እስኪግል ድረስ ሃያ ደቂቃ አሠራው። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታዳምጣለች፤ ቀጭን ነገር ስትሰማ እጇን ታነሳለች፣ ሲጠፋ ታወርዳለች። የሙሉ ጉልበቱን ነዳጅ የምትመጥነውን ብሎን የሚስቱ እጅ እስኪወርድ አላላት፣ ከዚያ ጥቂት ጨመረላት። ሚኒሞዋን በዓይኑ ሠራት፤ ጥርሶቹ ቆመው እስኪታዩ አላላት። መጋዙን በጎኑ አጋደመው፣ ምላሱን ወደ ላይ፣ ምላሱን ወደ ታች አዞረው። በየአቅጣጫው ነዳጅ እየሰጠ ለቀቀው። በለቀቀው ቁጥር ሦስቱም ጎንበስ ብለው ሰንሰለቱን ያያሉ። አይዞርም። ጦጣው «እንደገና» አለው። እንደገና አደረገው። ሰባት ጊዜ።

ከሰዓት በኋላ ባለጆሮው አብሯቸው ሄደ። በዚህኛው ጊዜ ከቀዩ ገመድ ውጭ ቆመ። ጦጣው ሲወጣ አየው፣ መጋዙን ሲያስነሳ አየው፣ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ሲቆርጥ አየው። ከዚያ መጋዙ ወደ ታፋው ወረደ። ባለጆሮው ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ ርቀት ጥርሶቹ ይታዩ አይታዩ እርግጠኛ አልነበረም፤ ጦጣው ግን ራሱ ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን አየና አውራ ጣቱን ወደ ላይ አሳየው፤ ቆሟል። ሁለተኛው ቅርንጫፍ። ሦስተኛው። በየቅርንጫፉ ያው ፍርሃት እንደ አዲስ ይመጣበታል፤ አንዱ ስለተሳካ ሌላው አይቀልም። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣበቀ። ዘበኛው ወንበር አምጥቶለት ነበር፤ አልተቀመጠበትም።

ፀሐይ ወደ ክፍሎቹ መስኮቶች ስትዞር የመጨረሻው ግንድ ከጣሪያው ላይ ተነስቶ በገመድ ወረደ። ሁለት ቆርቆሮ ብቻ ነው የተጣመመው። ጦጣው ወርዶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ፣ ውሃ ጠጣ፣ የቀረውን ራሱ ላይ አፈሰሰው። ባለጆሮው አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ የሻሹን ቋጠሮ አየለት፤ አልደማም።

ጦጣው ፊቱን ወደሱ አዙሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ከነገ ወዲያ ከአንድ ክሊኒክ ጀርባ የሚቆርጠው ሁለት ዛፍ እንዳለው ነገረው። ረጃጅም ናቸው፤ ከኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ናቸው።

ለባለጆሮው የየማለዳው ጥያቄ ተመልሶ መጣበት፤ ያን ቀን ይሆን ሰው የማስጎዳው?

«በስንት ሰዓት ልምጣ?» አለው።